የባሕር ታሪክ ጸሓፊ ሳሙኤል ኤልየት ሞሪሰን

ታሪክን የሚጽፍ ሰው ምስክር ያስፈልገዋል። አንደኛው ምስክር አስቀድሞ የተጻፈው መጽሐፍ ነው፤ ሁለተኛውም የገዛ ዓይኑ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ተመርተው ከጻፉት ሊቃውንት አንዱ አሜሪካዊው ሳሙኤል ኤልየት ሞሪሰን ነው።

ሞሪሰን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን እንዲሁ ነው) ቦስተን በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የዶክተርነት ማዕርግ ከተቀበለ በኋላ፥ በ1915 ዓ.ም. በዚያው ማስተማር ጀመረ። ከ1922 እስከ 1925 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ የአሜሪካን ታሪክ አስተማረ፤ ከዚያም ወደ ሃርቫርድ ተመልሶ እስከ 1955 ዓ.ም. በመምህርነት ኖረ።

የክሪስቶፎር ኮሎምቦስን ታሪክ ለመጻፍ ባሰበ ጊዜ፥ በመጻሕፍት ቤት ተቀምጦ መመርመር ብቻ አልበቃውም። በ1939 ዓ.ም. ከባልንጀሮቹ ጋራ በሸራ መርከብ ተሳፍሮ የአትላንቲክን ውቅያኖስ ተሻገረ። የነፋሱን አነፋፈስና የጠረፉን መልክ እያየ ከጥንቱ ጽሑፍ ጋራ አመሳከረ። መጽሐፉም በ1942 ዓ.ም. ታትሞ በሚከተለው ዓመት የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ።

በዚያን ጊዜ አገሩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ነበረች። ሞሪሰንም የባሕር ኃይሉን ታሪክ በውጊያው ስፍራ ተገኝቶ ለመጻፍ እንዲፈቀድለት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ለመነ፤ እርሳቸውም ፈቀዱለት። በ54 ዓመቱ መኮንን ሆኖ በጦር መርከብ ተሳፈረ፤ የአሜሪካ ጦር በ1942 ዓ.ም. በሰሜን አፍሪካ ጠረፍ ሲወርድም በዚያ ነበረ። ያየውንና የመረመረውን ከ1947 እስከ 1962 ዓ.ም. በ15 ቅጽ አሳተመ።

ነገር ግን ይህ ሊቅ የሳተበት ነገር አለ። በ1930 ዓ.ም. ከሄንሪ ስቲል ኮማጀር ጋራ ለተማሪዎች ባወጣው የአሜሪካ ታሪክ፥ ስለ ጥቁሮቹ ባሮች በሚያዋርድ ቃል ተጽፎ፥ መከራቸውም ተቃልሎ ነበር። ጥቁሮች አሜሪካውያን አጥብቀው ተቃወሙ፤ ቃሉም የታረመው ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ ነው። ባሕሩን ለማወቅ ውቅያኖስ የተሻገረ ሰው፥ በአገሩ የነበሩትን ባሮች የገዛ ቃላቸውን ሳይመረምር ፈረደባቸው።

ሞሪሰን በ1976 ዓ.ም. ዐረፈ። ከሕይወቱ መምህራንና ሽማግሎች ሁለት ነገር ይማራሉ። ታሪክን የሚያስተምር ሰው የሚቻለው ሲሆን ደቀ መዛሙርቱን ነገሩ ወደ ተደረገበት ስፍራ ይውሰድ። ደግሞም ከመጽሐፍና ከዓይን ቀጥሎ ሦስተኛ ምስክር እንዳለ አይርሳ፤ ይኸውም መከራውን የተቀበለው ሰው ቃል ነው።