ትምህርት፤ በመተማ በኩል ስለ ተላከው የዕርቅ ቃል

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላምና በረከትም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰዎቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ። ከዚህም በኋላ፤

ወንድሞች ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ከአባቶቹ አንዱ ከጎንደር ተነሥቶ፥ በጭልጋ በኩል ወደ መተማ ቆላ ወርዶ ያልነገደ ጥቂት ነው። ቡናውና ሰሙ፥ ዝባዱና ወርቁ በዚያ መንገድ ይወርድ ነበር። በዚያ ገበያ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበርና፥ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ እውነትን መሸሸግ ይሆናል። እንግዲህ ሁለት ጎረቤቶች ሲጣሉና ለዕርቅ ሲላላኩ ነገሩ ምን እንደሚመስል ለመማር፥ ምሳሌ ከሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልገንም።

በ1876 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከእንግሊዝና ከግብጽ ጋር በዐድዋ ተዋዋሉ። በመሐዲው ሰዎች የተከበበው የግብጽ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ለመርዳት ቃል ገቡ፤ በዚህም የሌላውን ሰው ጠላት ለራሳቸው ጠላት አደረጉ። መሐዲው በ1877 ዓ.ም. ከመሞቱ በፊት ለንጉሡ ደብዳቤ ልኮ፥ እንደ ነጃሺ ሁን ብሎ ነበር፤ ነገር ግን አልተስማሙም። ደግሞም በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሃይማኖታችሁን ለውጡ የተባሉ ብዙ እስላሞች ቤታቸውን ትተው ወደ መተማ ወርደው ነበር። ከቤቱ የተባረረ ሰው የት ሄዶ ከማን ጋር እንደሚቆም የሚያባርረው አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባ ነበር።

በ1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን ወግተው አቃጠሉ። በዓመቱ በጥር ወር ሐምዳን አቡ አንጃ ብዙ ጦር ይዞ ወጣ፤ በደምቢያ ሳር ውሃ ላይ ንጉሡን ድል ነሥቶ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ሕዝቡንም ማርኮ ወሰደ። ይህን ያደረገው የእኛን ሃይማኖት ስም በሚጠራ ሰንደቅ ሥር ነበርና፥ አንብበን ዝም ብለን አንለፈው። ነቢያችን፥ የአላህ ሰላምና በረከት በእርሳቸው ላይ ይሁን፥ ሐበሾች እስካልነኳችሁ ድረስ አትንኳቸው የሚል ትእዛዝ እንደ ተዉ ይተረካል፤ ኸሊፋ ዐብዱላሂ ግን ይህ ትእዛዝ በራእይ ተነሥቶልኛል ብሎ ለሰዎቹ አስታወቀ። የተጻፈውን በሕልም የሚሽር ሰው፥ ከእርሱ ጋር ውል ለመዋዋል እንዴት ያስቸግራል!

እንግዲህ የዛሬው ትምህርታችን ወደሚቆምበት ቦታ ደረስን። በታኅሣሥ 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ለአቡ አንጃ የዕርቅ ደብዳቤ ጻፉ። የቃሉ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ እኔ የአንተን አገር ድኻ ብገድል፥ አንተም የእኔን ብትገድል፥ ለማን ይጠቅማል? የሁለታችንም ጠላት ፈረንጅ ነው፤ እርሱ ቢያሸንፈኝ ለአንተም አይመለስልህም፤ ይልቅስ እንተባበርና ነጋዴዎቻችን በሰላም ይመላለሱ የሚል ነበር። ቃሉ መልካም ቃል ነው። ነገር ግን ጎንደር ከተቃጠለች በኋላ የመጣ፥ ከኋላውም ጦር እየተሰበሰበ የተላከ ቃል ነበርና፥ ተቀባዩ የፍርሃት ምልክት አድርጎ ቈጠረው፤ መልሱም ስድብ ሆነ።

አቡ አንጃ መልሱን በሰደደ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በሽታ ገደለው። በመጋቢት ወር ሁለቱ ጦሮች መተማ ላይ ገጠሙ። ድሉ ወደ ኢትዮጵያ ባዘነበለበት ሰዓት ንጉሡ ቈስለው ሞቱ፤ ሠራዊታቸውም ተበተነ፤ ራሳቸውም ተቈርጦ ወደ ኡምዱርማን ተወሰደ። የኸሊፋውም ጦር ያን ዕለት ካጣው ሰው አላገገመም። በዚያው ዓመት ጣሊያን አሥመራን ያዘ፤ በ1890 ዓ.ም. ደግሞ ኡምዱርማን በእንግሊዝ እጅ ወደቀች። በደብዳቤው የተባለው ሁሉ በዐሥር ዓመት ውስጥ ደረሰ።

አንባቢው፥ ታዲያ ስድብን የሚታገሥ አስታራቂ ከየት ይገኛል? ይል ይሆናል። በሑደይቢያ በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ ሱሀይል ኢብን ዐምር የአላህ መልእክተኛ የሚለው ማዕርግ ከውሉ ካልወጣ አልፈርምም ባለ ጊዜ፥ ነቢያችን እንዲወጣ ፈቀዱ። ዑመር እንኳ ተቈጣ። ከመካ የኰበለለው እንዲመለስ፥ ከመዲና የሄደው ግን እንዳይመለስ የሚለው ቃል ለሁሉም መራራ ነበር። ነገር ግን አቡ በሲርና ጓደኞቹ በባሕሩ ዳር መንገድ የቁረይሽን ቅፍለት መያዝ በጀመሩ ጊዜ፥ ያን ቃል አንሡልን ብለው የለመኑት ራሳቸው ቁረይሾች ነበሩ። እናንተ የንግድ ሰዎች ሆይ፤ ልብ አድርጉ፤ መራራውን ቃል ያስነሣው የነጋዴ ኪሣራ ነው።

ከዐድዋ ድል በኋላ ዳግማዊ ምኒልክና ኸሊፋው መልእክተኛ ተላላኩ፤ ጠባቸውም በረደ፤ ውል ግን ሳይታሰር እንግሊዝ ቀደመ። ስለዚህ በግንቦት 1894 ዓ.ም. የወሰኑ ውል በአዲስ አበባ ሲፈረም በምኒልክ ፊት የተቀመጠው እንግሊዛዊው ሐሪንግተን እንጂ ሱዳናዊ አልነበረም። በዓመቱ ሻለቃ ግዊን መስመሩን በምድር ላይ ሲያመለክት ደግሞ ከኢትዮጵያ ወገን አብሮት የቆመ ሰው አልነበረም። ዛሬ አል ፋሽቃ በሚባለው ለም መሬት የሚነሣው ክርክር ከዚህ ይመነጫል። በ1964 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ደብዳቤ ተለዋውጠው መስመሩን ለንግግር መሠረት ቢያደርጉም፥ በመሬቱ ላይ ያሉት የኢትዮጵያ ገበሬዎች ጉዳይ ስምምነት እስኪገኝ ድረስ ቈየ። በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ወደ ስፍራው ገባ፤ በታኅሣሥ ወር በካርቱም የተቀመጠው የወሰን ጉባኤም ሳይስማማ ተበተነ።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ወንድም በወንድሙ ላይ ተነሣ። ከካርቱም የሸሸው ሕዝብ በመተማ ድልድይ ተሻግሮ ገባ፤ ከእርሱም ብዙው በኩመር መጠለያ ሰፈረ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር ወደ ፖርት ሱዳን ተሻግረው ከጦሩ አለቃ ጋር ተነጋገሩ። ያን ደብዳቤ የጻፉት ንጉሥ የወደቁበት ከተማ እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ተብሎ ይጠራል፤ ስደተኞቹ ሲገቡ መጀመሪያ የሚደርሱበትም እርሱ ነው።