ቆጣሪውን የሚያስሮጠው ማነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። በየክፍሉ እየዞርኩ አምፖል ባጠፋም የመብራት ሂሳባችን አልቀንስ አለ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥፋቱ የአምፖሉ አይደለም፤ ምጣዱን ይመልከቱ። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። ሁለት ሰዓት ሲጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በዚህ ኃይል ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በቀን 5 ሰዓት እያበሩ አምስት ወር ይቆያሉ። ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ከፍ ይላል።

ብዙ ኃይል የሚባክነው ሸክላው እስኪግል ነው። ስለዚህ በሳምንት ሦስቴ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር አንዴ ጠቅልለው ይጋግሩ። ሊጡ ኩፍ ሳይል፣ ማሰሻውና ሰፌዱ ሳይቀርቡ ምጣዱን አያብሩ። ክዳኑ ዳር ዳሩን ይግጠም፤ እንፋሎት በጎን ካመለጠ ሙቀቱም አብሮ ይሄዳል። የመጨረሻዎቹ አንድ ሁለት እንጀራዎች ሲቀሩ ያጥፉት፤ በሸክላው ሙቀት ይበስላሉ። እኔ ከሁሉም በፊት የምመክረው ይህንን ነው።

ፍሪጁን ከምጣዱና ከምድጃው ያርቁት፣ ከግድግዳውም ትንሽ ፈቀቅ ያድርጉት፤ በተለይ በሚያዝያ ሙቀት ሞተሩ ዕረፍት አያገኝም። በሩ ላይ ወረቀት አስገብተው ዘግተው ይሳቡት፤ ያለምንም ችግር ከወጣ ጎማው ላልቷል፣ ይቀየር።

ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ይዘገያሉ። አዳራቸውን ይዘፍዝፏቸው፤ ድስቱ አንዴ ከፈላ በኋላም ምድጃውን ዝቅ ያድርጉት፤ ከፍ ማድረጉ እንፋሎት ያበዛል እንጂ ቶሎ አያበስልም።