ማማው ላይ ከመውጣትዎ በፊት፦ የኤፍኤም አንቴና ችግርን ከታች ሆኖ ማወቅ

የባሌዋ ሪራ ከሳነቴ አምባ በስተ ደቡብ፣ ወደ ሐረና ጫካ በሚወርደው መንገድ ላይ ናት። ጎባና ሮቤ በሰሜን በኩል ናቸው። መሃል ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ሳነቴ፣ እስከ 4,377 ሜትር የሚደርሰውን ቱሉ ዲምቱን ይዞ ተጋርጧል። የኤፍኤም ሞገድ ደግሞ ተራራ አይሻገርም። ስለዚህ ከሮቤ የሚለቀቅ ጣቢያ ሪራ ላይ ቢጠፋ አንቴናው ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

በመጀመሪያ አድማጩን ይጠይቁ፦ «ድሮም እንዲህ ነበር ወይስ ሰሞኑን ነው?» ድሮም ከሆነ የጋረደው ተራራው ነው፤ መፍትሔውም ሌላ ማስተላለፊያ መትከል እንጂ ማማ መውጣት አይደለም። ደህና ይሰማ የነበረው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከደከመ፣ ወደዚያ የዞረውን አንቴና ወይም የእሱን ኬብል ይጠርጥሩ።

ቀጥሎ የማሰራጫውን ተመላሽ ኃይል ያንብቡ፤ በአንቴናው ሳይወጣ ተመልሶ የሚመጣው ዋት ማለት ነው። 1,000 ዋት ሲላክ 40 ዋት ከተመለሰ ሁኔታው አሳሳቢ ነው። ይሁንና ከማንኛውም መለኪያ ይልቅ የሚታመነው የራስዎ ደብተር ነው። አንቴናው ደህና ሳለ 5 ዋት ይመልስ ከነበረና ዛሬ 15 ከሆነ አንድ ነገር ጀምሯል። ንባቡን ጎህ ሲቀድና እኩለ ቀን ላይ ይጻፉ፤ ከጎኑም ዝናቡን፣ ነፋሱንና ውርጩን ያስፍሩ። ይህን ያለማቋረጥ የሚያደርግ ተረኛ አብዛኛውን ብልሽት ከመሬት ሳይነሳ ያውቀዋል።

ቁጥሩ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ ከወረደ ውርጭ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት በደጋው ላይ የተለመደ ነው፤ የተሰበረ ነገር የለም። በረዶው እስኪቀልጥ ኃይሉን ይቀንሱ። በዝናብ ወጥቶ ብዙ ፀሐይ ካየ በኋላ ቀስ እያለ ከወረደ ግን ውሃ ኮኔክተር ውስጥ ገብቷል። ይህን አይናቁት፤ ዝናቡ ሲያባራ የተሻለው ይመስላል፣ መዳቡ ግን ውስጥ ውስጡን እየተበላ ነው። በነፋስ የሚዋዥቅ ከሆነ የላላ ብሎን ወይም ማሰሪያ አለ። ማሰራጫው ከተከፈተ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚጨምር ከሆነ የሚግል መጋጠሚያ ይፈልጉ። ከመብረቅ በኋላ ዘሎ እዚያው ከቀረ ደግሞ ያጥፉት፤ ለመሞከር ብለው ደግመው አይክፈቱት።

ከፍታውም የራሱ ጣጣ አለው። 4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ያህል ነው። ስስ አየር ብልጭታን በደንብ አያግድም፣ የጋለ ዕቃንም በወጉ አያቀዘቅዝም። ኬብልና ኮኔክተር ሲገዙ ከሚያስፈልገው ኃይል በደንብ የላቀ ይምረጡ።

መውጣት የግድ ከሆነ ማሰራጫውን አጥፍተው ይቆልፉ፤ ቁልፉ በሚወጣው ሰው ኪስ ይሁን። በዚያው ማማ ላይ የሌላ ድርጅት አንቴና ካለ ያንንም ያስጠፉ። ባለ ሁለት መንጠቆ ቀበቶ ይታጠቁ፣ አንዱ ሳይያዝ ሌላው አይፈታ። ጉም ወይም ነጎድጓድ ባለበት ቀን ማንም አይውጣ፤ አለቃ ቢቆጣም፣ ጣቢያው ቢቋረጥም።

መጋጠሚያውን አጽድተውና አድርቀው በሚጣበቅ የጎማ ቴፕ፣ ከላዩ በጥቁር ቴፕ ይጠቅልሉ። የመጨረሻው ዙር ከታች ወደ ላይ ይሂድ፤ እንደ ሣር ክዳን የላይኛው የታችኛውን ሲደርብ ውሃው ይንሸራተታል። ኬብሉ ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ ይጠምዘዝ፣ ውሃው እዚያ እንዲንጠባጠብ። የፕላስቲክ ማሰሪያ የደጋው ፀሐይ ስለሚሰነጥቀው የማይዝግ ብረት ይጠቀሙ። የመሬት ሽቦው ከማማው ላይ፣ ከሥሩና ከቤቱ መግቢያ መያዙን በእጅ ነክተው ያረጋግጡ። ሥራው የካቲት ላይ ይጠናቀቅ፤ የባሌ ዝናብ መጋቢት ላይ ይጀምራልና።

ጥገናው ተሳካ የሚባለው ግን ማሰራጫው በተከፈተበት ሰዓት አይደለም። ከባድ ዝናብ ወርዶበት የደብተሩ ቁጥር ካልተነሳ ብቻ ነው።