ልጆች የበዙበት ቤት፦ የቤትን ሸክም በሥርዓትና በፍቅር መካፈል



ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነድ ቤተሰብን እንደ ትንሽ የቤት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ መመልከቱን በየትምህርታችን ደጋግመን እናነሣለን። ይህን ስንል ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበን የምሽቱ ጸሎት፣ የመቁጠሪያው ድግምትና የሰንበቱ ቅዳሴ ነው። ይሁን እንጂ በዚያችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ውኃ መቀዳት፣ ማገዶ መሰብሰብ፣ ቆጮ መጋገር፣ ልብስ መታጠብ፣ ሕፃን መጥባት፣ የታመመም መታከም አለበት። እናቲቱ በድካም በወደቀችበት ቤት የምሽቱ ጸሎት እንኳ በሰላም ሊደርስ አይችልም። ስለሆነም በዚህ ቁጥር፣ ብዙ ሕፃናት ባሉበት ቤት የዕለት ሥራ እንዴት ሊመራና ሊካፈል እንደሚገባ አብረን እንመለከታለን።

1. በመጀመሪያ ሸክሙን መቁጠር

የማይቆጠር ሥራ አይታይም፤ የማይታይ ሥራም ምስጋና የለውም፤ ለማካፈልም አያመችም። እስቲ ከሆሳዕና ደጋ አንሥቶ የሻሾጎ ወረዳ መቀመጫ እስከሆነችው እስከ ቦኖሻ ሜዳ ድረስ በየቤቱ የሚሠራውን አንዱን ሥራ ብቻ፣ ማለትም ውኃ መቅዳትን፣ እንውሰድ። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የነበረው ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለአንድ የገጠር ነዋሪ በቀን 25 ሊትር ውኃ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ እንዲደርሰው ግብ አስቀምጦ ነበር። በዚህ ልክ ብናሰላው፣ አባት፣ እናትና አምስት ልጆች ላሉበት ቤት በቀን 175 ሊትር፣ ይኸውም 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ዘጠኝ ጊዜ ያህል መሙላት ያስፈልጋል ማለት ነው። አንዱ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። ብዙ ቤቶች ከዚህ በጣም ባነሰ ውኃ የሚኖሩት ስለበቃቸው አይደለም፤ የእናቲቱ ጀርባ ከዚያ በላይ መሸከም ስለማይችል ነው።

በዚህ ላይ የእንሰት ሥራ ይጨመራል። እንሰት በሀገራችን ከ20 ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ ምግብ ነው፤ ለሐዲያና ለከምባታ ቤተሰብም የድርቅ ጊዜ መከታ ሆኖ ኖሯል። ተክሉን መትከልና ማዛወር በአብዛኛው የወንዶች ሥራ ሲሆን፣ መፋቁ፣ መጭመቁ፣ ጉድጓድ ውስጥ ማብላላቱና መጋገሩ በሴቶች ላይ ይወድቃል። እንግዲህ አንዲት እናት አንዱን ልጅ አዝላ፣ አንዱን በእጇ ይዛ፣ ሌላው እያለቀሰ ይህን ሁሉ ስትሠራ፣ አመሻሽ ላይ "ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?" ተብላ መጠየቋ ከድካሙ ይልቅ ያማል።

2. ሸክሙ ካልተካፈለ የሚከፍለው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች በአማካይ 4.6 ሲሆኑ፣ በገጠር ደግሞ 5.2 ናቸው። ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ይህን እናምናለን፣ እናስተምራለንም። ነገር ግን ስጦታውን የተቀበለ ሁሉ አደራም ተቀብሏል። "ልጅ በዕድሉ ያድጋል" የሚለው አባባል ተስፋን ለመግለጽ ሲነገር መልካም ነው፤ ከአደራ ለመሸሽ ሲነገር ግን ሰበብ ይሆናል።

የቤት ሥራ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲቀር ዋጋውን የሚከፍሉ ሦስት ሰዎች አሉ። የመጀመሪያዋ እናቲቱ ናት፤ የምትከፍለውም በጤናዋ ነው። ሁለተኛው ሕፃኑ ነው፤ ጡት በጊዜው አያገኝም፣ ሲያተኩሰውም ቶሎ የሚያስተውልለት የለም። ሦስተኛዋና ብዙ ጊዜ የምትረሳው ታላቂቱ ልጅ ናት። ገና በስምንትና በዘጠኝ ዓመቷ ታናሿን ታዝላለች፤ የገበያ ቀን ከትምህርት ቤት ትቀራለች፤ በአረም ወቅት ሳምንቱን ሙሉ ትቀራለች፤ በመጨረሻም ከክፍል ጓደኞቿ ወደ ኋላ ቀርታ ደብተሯን ታስቀምጣለች። ማንም "ትምህርትሽን ተዪ" ብሎ አላዘዛትም። ቢሆንም ቤቱ በቀን በቀኑ ጥቂት ጥቂት እየወሰደ ጨርሶ ወስዶባታል። ስለዚህ የቤት ሥራ ክፍፍል የፍትሕ ጥያቄም ጭምር መሆኑን ልንገነዘብ ይገባናል።

3. ቅዱስ መጽሐፍ ምን ያስተምረናል?

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 18 ዮቶር አማቹን ሙሴን ሊጠይቅ በመጣ ጊዜ፣ ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ሕዝቡን ሲዳኝ አየው። ዮቶር ትጋቱን አላደነቀለትም፤ እንዲህ ከቀጠለ እርሱም ሕዝቡም እንደሚዝሉ ነግሮት፣ ሥራውን ለሌሎች እንዲያካፍል መከረው። ሙሴም ምክሩን ሰማ። የእግዚአብሔር ነቢይ ሥራን ብቻ መሸከም ካልቻለ፣ አንዲት እናት ትችላለች ብሎ መገመት እንዴት ይገባል?

ወንጌላዊው ማርቆስም (ምዕ. 14፥13) ጌታችን የፋሲካውን ማዕድ የሚያዘጋጁትን ሁለቱን ደቀ መዛሙርት በላከ ጊዜ ምን ምልክት እንደሰጣቸው ይነግረናል። ምልክቱ የውኃ ማድጋ የተሸከመ ሰው ነበር። በዚያን ዘመን ውኃ መቅዳት በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ስለነበር፣ ማድጋ የተሸከመ ወንድ በሕዝቡ መካከል በቀላሉ ይለይ እንደነበር ሊቃውንት ያስረዳሉ። ደቀ መዛሙርቱ እርሱን ተከትለው የመጨረሻው እራት ወደ ተዘጋጀበት ቤት ደረሱ። ውኃ መሸከም ያሳፍራል የሚል አባት ይህን ሰው ያስታውስ።

ከትንሣኤ በኋላም ጌታችን በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ፍም አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ደቀ መዛሙርቱን ቁርስ ጋብዟቸዋል (ዮሐ. 21)። ሞትን ድል የነሣው ጌታ ከእሳት ዳር መቀመጥን አልናቀም። "ወንድ ልጅ ማድቤት አይገባም" የሚለው ልማድ ከባህል ሊመጣ ይችላል፤ ከወንጌል ግን አልመጣም።

4. የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ልጅ ሥራ በጻፉት መልእክት፣ ሴቶች በቤት የሚሸከሙት የዕለት ድካም ከኅብረተሰቡ፣ አልፎ አልፎም ከገዛ ቤተሰባቸው ተገቢውን ዕውቅና እንደማያገኝ አመልክተዋል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቤተሰብ ፍቅር ባወጡት ሐዋርያዊ ምክር (ቁ. 286) ባል የቤት ሥራን ወይም ልጅ የማሳደግን ኃላፊነት በከፊል መውሰዱ ወንድነቱን እንደማይቀንሰውና እንደማያሳፍረው በግልጽ አስተምረዋል።

የልጆችን ብዛትና መራራቅ በተመለከተም፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛ እ.ኤ.አ. በ1968 ያስተላለፉት መልእክት (ቁ. 10) ኃላፊነት ስላለበት ወላጅነት ይናገራል። ባልና ሚስት የጤናን፣ የኑሮንና የማኅበራዊ ሕይወትን ሁኔታ አብረው መዝነው በሕሊናቸው ፊት ይወስናሉ እንጂ በግድየለሽነት አይወልዱም። የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት እናት ከወለደች በኋላ እንደገና ለመፀነስ ቢያንስ 24 ወራት እንድትቆይ ይመክራል። ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረውን ተፈጥሯዊ መንገድ ለመከተል የባልና የሚስት ስምምነት፣ የባልም ትዕግሥት ያስፈልጋል። ይህን ለሚስት ብቻ መተው ሌላ ሸክም መጨመር ነው።

5. በተግባር ምን እናድርግ?

ሀ. ሥራን መለየት። ባልና ሚስት በአንድ ምሽት አብረው ተቀምጠው የሳምንቱን ሥራ ሁሉ ይዘርዝሩ። ከዚያም ዛሬ ካልተሠራ ጉዳት የሚያደርሰውን፣ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ሊቆይ የሚችለውን፣ ጨርሶ ቢቀርም የማይጎዳውን ይለዩ። ሕፃኑን ማጥባት፣ ውኃና ምግብ ከመጀመሪያው ወገን ናቸው። ለእንግዳ ተብሎ ቤትን በየቀኑ ማሳመር ግን ሊቆይ ይችላል። የተዝረከረከ ቤት ኃጢአት አይደለም።

ለ. ነገን ዛሬ ማዘጋጀት። ጥዋት ሕፃናት ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚነሡበትና የሚጮኹበት ሰዓት ነው። የጥዋት ውኃና ማገዶ ማታውኑ ቢዘጋጅ፣ የተማሪዎቹም ልብስና ደብተር ማታ ቢቀመጥ፣ ጥዋቱ ይቀላል። ለልብስ አጠባ አንድ የተወሰነ ቀን ይኑር። ቆጮ በጉድጓድ ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ፣ የመፋቁ ሥራ እናቲቱ ከመውለዷ አስቀድሞ በደቦ ቢሠራ የአራስነቷን ጊዜ ያሳርፍላታል። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መግዛትም ሆነ መሥራት ጭሱንም የማገዶ ፍለጋውንም ይቀንሳል።

ሐ. የአባት ድርሻ። አባት "እረዳታለሁ" ከማለት ይልቅ "ይህ የእኔ ሥራ ነው" የሚለው ሥራ ይኑረው። ለምሳሌ ውኃውን በአህያ ማስቀዳት፣ ማገዶ መፍለጥ፣ ማታ ልጆችን እግር አሳጥቦ ማስተኛት በቋሚነት የእርሱ ሊሆኑ ይችላሉ። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ይህን ማድረግ የምትችለው ግን ሌላውን ሥራ የሚይዝላት ሰው ያገኘች እናት ናት።

መ. የልጆች ድርሻ። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ጫማውን በቦታው ማስቀመጥ፣ ማንኪያ ማቀበል ይችላል። የአምስትና የስድስት ዓመቱ ደጅ ይጠርጋል፣ ዶሮ ይመግባል። የሰባትና የስምንት ዓመቱ ሳህን ያጥባል፣ በትንሽ ጀሪካን ውኃ ያመጣል። ሁለት ሕጎች ግን ይጠበቁ። አንደኛው ሥራው ለወንዱም ለሴቷም እኩል ይሁን። ሁለተኛው ሥራ ትምህርትንና ጨዋታን አይውሰድ።

ሠ. ዕረፍት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳመለከተው የ3 እና የ4 ዓመት ሕፃን በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ልጆች በጊዜ ሲተኙ ለወላጆችም ለመነጋገርና ለመጸለይ ግማሽ ሰዓት ይተርፋል። ነቢዩ ኤልያስ ዝሎ ሞትን በለመነ ጊዜ፣ እግዚአብሔር አስቀድሞ እንቅልፍና ምግብ እንደሰጠው አንርሳ (1ኛ ነገ. 19)። ሕፃን አቅፋ የምትጸልየው አጭር ጸሎት ከእግዚአብሔር ዘንድ ያነሰ ዋጋ የለውም።

ረ. ሠራተኛ የቀጠረ ቤት። በከተሞቻችን ብዙ ቤተሰቦች ከገጠር የመጣች ልጅ ቀጥረው ሸክሙን ያቃልላሉ። ነገር ግን የራሳችንን ልጅ ከሸክም አውጥተን የሌላውን ልጅ ከሥሩ ካስገባን ምን ጠቀመን? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላ ልጅ መቅጠርን ከልክሏል፤ ይህን ወሰን ሕሊናችን በቤታችንም ሊያከብረው ይገባል። ለደረሰችውም ደመወዟ በወቅቱ ይከፈላት፤ የማታ ትምህርቷና ሰንበቷ ይጠበቁላት።

6. አባት በሩቅ አገር ሲሆን

ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ወንዶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። በላኩት ገንዘብ ቤቶች ተሠርተዋል፣ ልጆች ተምረዋል። ይሁን እንጂ ገንዘብ ሕፃን አያዝልም፤ ሌሊትም ከታመመ ልጅ ጋር አይቀመጥም። እናቲቱ የእናትንም የአባትንም ሥራ ይዛ ትቀራለች። እንዲህ ያለ አባት ከሚልከው ላይ ለአዲስ ቤት ግድግዳ ብቻ ሳይሆን ለአህያ፣ ለምድጃ፣ ለረዳትም ድርሻ ያስቀምጥ። በተወሰነ ቀንና ሰዓት ይደውል፤ በሚደውልበትም ጊዜ ስለ ገንዘብ ብቻ አይናገር፤ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ጠርቶ ያነጋግር። በአገር ቤት ያሉት ወንድሞቹና አያቶችም ወጪውን ከመቆጣጠር ይልቅ ሥራውን ይካፈሉ።

7. የቁምስናው ኃላፊነት

ባህላችን አራስን መጠየቅን፣ አታካና ሠርቶ ማብላትን ያውቃል። ይህ መልካም ልማድ ግን በጥቂት ሳምንታት ያበቃል፤ የእናቲቱ ሸክም ግን ከዚያ በኋላ ይብሳል። አበው "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው" ይላሉ። በየመንደሩ ያሉ የጸሎት ማኅበራት አምስት አምስት እናቶችን በማገናኘት በተራ ልጆችን እንዲጠብቁ ሊያደርጉ ይችላሉ። በዚህ መንገድ እያንዳንዷ እናት በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ታገኛለች። የወጣቶች ማኅበርም ባሏ ለራቀ ወይም ለሞተባት እናት ማገዶና ውኃ ቢያቀርብ ምጽዋቱ በተግባር ይታያል። ካቴኪስቶችም ለጋብቻ የሚዘጋጁትን ሲያስተምሩ ስለ ምሥጢረ ተክሊል ብቻ ሳይሆን ውኃውን ማን እንደሚቀዳም ይጠይቁ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቤታችን በአንድ ቀን የሚሠራውን ሥራ ሁሉ እንዘርዝር። እያንዳንዱን የሚሠራው ማን ነው?
2. በቁምስናችን በቤት ሥራ ምክንያት ከትምህርት የቀረች ልጅ አለችን? ምን ልናደርግላት እንችላለን?
3. አባቶች ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በቋሚነት የሚወስዱት አንድ ሥራ የትኛው ነው?
4. ባሏ የራቀባትን እናት የምንረዳው በምን ተራና በማን ኃላፊነት ነው?

በናዝሬት ቤት በትሕትና የሠሩ ቅዱስ ዮሴፍና ቅድስት ድንግል ማርያም ሕፃናት ለሞሉባቸው ቤቶቻችን ሁሉ ያማልዱ። አሜን።