ስለ ድብልቅ የፀሐይ ግርዶሽ፤ በየት በየት ስፍራ እንደሚታይ

በጥቅምት 24 ቀን 2006 ዓ.ም. በዕለተ እሑድ የሆነው የፀሐይ ግርዶሽ አንድ ሲሆን ሁለት መልክ ነበረው። በምዕራብ ከአትላንቲክ ባሕር ላይ ሲጀምር እንደ ቀለበት ታየ፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ግን ጨረቃ ፀሐይን ፈጽማ ጋረደቻትና ሙሉ ግርዶሽ ሆነ። እንዲህ ያለው ግርዶሽ ድብልቅ ይባላል። የመንገዱም መጨረሻ የአገራችንን የደቡብ ዳርቻ ስለ ነካ፥ መምህራን ለተማሪዎቻቸው፥ ሽማግሎችም ለጎረቤቶቻቸው ያስረዱ ዘንድ ነገሩን ከሥሩ መግለጽ ይገባል።

የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል ስታልፍ ነው፤ ይኸውም በሠርቀ ወርኅ ብቻ ነው። በየወሩ የማይሆንበትም ምክንያት የጨረቃ መንገድ ከምድር መንገድ በ5 ዲግሪ ያህል ዘንበል ያለ ስለ ሆነ ነው፤ ስለዚህ ጥላዋ ብዙውን ጊዜ ከምድር በላይ ወይም በታች ያልፋል። እዚህ ላይ ሽማግሎች በስቅለት ዕለት ፀሐይ መጨለሙን አንሥተው «ያም ግርዶሽ ነበርን?» ብለው ቢጠይቁ፥ መልሱ ባሕረ ሐሳብን ለተማረ ሰው ቀላል ነው። ፋሲካ የሚታረደው ጨረቃ በሞላች በ14ኛው ሌሊት አጠገብ ነውና፥ በዚያን ጊዜ ጨረቃ ከፀሐይ በተቃራኒው ወገን ትቆማለች እንጂ በመካከል አትገባም። ደግሞም ጨለማው ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበረ፤ ሙሉ ግርዶሽ ግን በአንድ ስፍራ ቢበዛ ከሰባት ደቂቃ ተኩል አይበልጥም። ያ ተአምር ነው፤ ይህ ግን የተፈጥሮ ሥርዐት ነው፤ ሁለቱን መቀላቀል አይገባም።

ፀሐይ በወርዷ ከጨረቃ 400 ጊዜ ያህል ትበልጣለች፤ ነገር ግን በርቀቷም ደግሞ 400 ጊዜ ያህል ትርቃለችና ለዓይናችን ሁለቱ እኩል መስለው ይታያሉ። ሆኖም ጨረቃ በአንድ ርቀት አትጸናም፤ አንድ ጊዜ እስከ 356,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትቀርባለች፥ ሌላ ጊዜ እስከ 406,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በቀረበች ጊዜ ፀሐይን ፈጽማ ትሸፍናለች፤ በራቀች ጊዜ አንሳ ስለምትታይ የፀሐይ ዳር በዙሪያዋ እንደ ቀለበት ይቀራል።

የጨረቃን ጥላ ለመረዳት የጐጆ ቤትን ጣራ ማሰብ ይበቃል። ሰፊው ክቡ ወገን በጨረቃ ላይ ነው፤ እየጠበበ ሄዶ ጫፉ ወደ ምድር ያመለክታል። ጫፉ ምድርን ከነካ በዚያ ስፍራ ሙሉ ግርዶሽ ይሆናል፤ ሳይደርስ ቢቀር ግን ቀለበት ይታያል። ምድር ደግሞ እንደ ሰሌን የተዘረጋች ሳትሆን ክብ ናትና፥ ጨረቃን ፊት ለፊት የሚያየው ሆዷ ከዳርቻዋ ይልቅ እስከ 6,400 ኪሎ ሜትር ያህል ለጨረቃ ይቀርባል። ስለዚህ የጥላው ጫፍ ለዳርቻው ጥቂት አጥሮ ለመካከሉ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ፀሐይ ስትወጣ ወይም ስትጠልቅ የሚያዩት ሰዎች ቀለበት ያያሉ፤ ፀሐይ ከፍ ብላ ሳለ የሚያዩት ግን ሙሉ ጨለማ ያገኛሉ። ድብልቅ ግርዶሽ የሚባለውም ይህ ነው። ጫፉ ከምድር ገጽ ጋራ በዚህ መጠን መግጠሙ ብርቅ ነውና፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ2001 እስከ 2100 ባለው መቶ ዓመት ከሚሆኑት 224 የፀሐይ ግርዶሾች ድብልቆቹ 7 ብቻ ናቸው።

ይህን በቃል ብቻ ከመንገር በሥራ ማሳየት ይሻላል። ወርዱ ግማሽ ሜትር የሚሆን ሰፌድ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ከሰፌዱ አሥር ሜትር ርቆ እንጨት ይተከልና፥ በተማሪው ዓይን ቁመት ልክ ባለ አንድ ብር ሳንቲም በሰም ይጣበቅበት። ተማሪው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከሳንቲሙ ግማሽ ሜትር ሳይሞላ ቀርቦ ቢመለከት ሰፌዱ ፈጽሞ ይሰወርበታል፤ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ቢል ግን የሰፌዱ ዳር በዙሪያው ብቅ ይላል። እንግዲህ ሰፌዱ ፀሐይ፥ ሳንቲሙ ጨረቃ፥ የተማሪው ዓይን በምድር ላይ ያለ ስፍራ ነው። ሰፌዱም ሳንቲሙም ሳይነቃነቁ የቆመው ሰው ስፍራ ብቻ ግርዶሹን ይለውጠዋል። ወደ ጐን ጥቂት ፈቀቅ ያለው ተማሪ ደግሞ ሰፌዱን ጐደሎ ሆኖ ያየዋል፤ ከፊል ግርዶሽ ማለት እርሱ ነው።

አሁን ወደ 2006 ዓ.ም. ግርዶሽ እንመለስ። የጥላው ጫፍ ከአትላንቲክ ተነሥቶ በዚያው ባሕር ላይ ከሁሉ የረዘመውን ጨለማ፥ ይኸውም 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ያህል አደረገ። ከዚያ በጋቦን፥ በሁለቱ ኮንጎዎች፥ በሰሜን ዩጋንዳና በኬንያ የቱርካና ሐይቅ አገር አልፎ፥ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የኢትዮጵያን ደቡብ ዳር አቋርጦ ፀሐይ ስትጠልቅ በሶማሊያ አበቃ። በቱርካና ጨለማው ሩብ ደቂቃ ያህል ነበረ፤ በእኛ ወሰን ግን ከዚያም አንሶ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ሆነ።

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ «ዳርቻው ሁሉ ቀለበት የሚያይ ከሆነ፥ በምሥራቅ ፀሐይ ስትጠልቅ ያዩት ለምን ቀለበት አላዩም?» ይል ይሆናል። ጥያቄው የሚገባ ነው። በእነዚያ ጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ጨረቃ ወደ ምድር እየቀረበች ነበር፤ ከሦስት ቀን በኋላም ወደ ቅርቧ ስፍራ ደረሰች። ስለዚህ በምዕራብ አጥሮ የነበረው የጥላ ጫፍ በምሥራቅ ለጥቂቱ ደረሰ። ከድብልቆቹም መካከል በቀለበት ጀምሮ በሙሉ የሚጨርስ ጥቂት ነው፤ አብዛኛዎቹ በሁለቱም ዳር ቀለበት ናቸው።

በሐሙሲትና በደብረ ታቦር አገር የነበረ ሰው በዚያ ማታ ፀሐይን ወደ ጣና ማዶ ስታዘቀዝቅ ከፊሏ ተቈርጣ አያት እንጂ ቀለበትም ሙሉ ጨለማም አላየም። የጥላው መንገድ ጠባብ ነውና ከእርሱ ውጭ ያለ አገር ሁሉ ከፊሉን ብቻ ያገኛል።

በሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የሆነው ግን ለእኛ ይበልጥ ቀረበ። ያም እሑድ ነበር። ጨረቃ ያን ጊዜ ከምድር ርቃ ስለ ነበረች ግርዶሹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀለበት እንጂ ድብልቅ አልነበረም። መንገዱ በወለጋና በጎጃም አልፎ ወደ ላስታ ወጣ፤ በላሊበላ ከጥዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ የፀሐይ ቀለበት ታየ። ሐሙሲት ከላሊበላ በቀጥታ ቢለካ 200 ኪሎ ሜትር አትርቅም፤ ነገር ግን ከመንገዱ ውጭ ስለ ቀረች በዚያ ጥዋት ፀሐይ እንደ ማጭድ ቀጥና ታየች እንጂ ቀለበት አልሆነችም።

ይህን ሁሉ ማወቅ ስለ ምን ይጠቅማል ቢሉ፥ ስለ ልጆች ዓይን ነው። ጨረቃ ፀሐይን ፈጽማ በሸፈነችበት በዚያች አጭር ጊዜ ብቻ በባዶ ዓይን መመልከት ይቻላል፤ በቀለበትና በከፊል ግርዶሽ ጊዜ ግን ፈጽሞ አይቻልም። በድብልቅ ግርዶሽ አንዱ አገር የተፈቀደለት ለሌላው አደጋ ነውና፥ «በእገሌ አገር ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አይቷል» የሚል ወሬ የሰማ ልጅ በራሱ አገር ዓይኑን ሊያጠፋ ይችላል። ፀሐይ ከሙሉ ጨረቃ 400,000 ጊዜ ያህል ታበራለች፤ ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ብትቀር እንኳ ገና 4,000 ጊዜ ያህል ታበራለች ማለት ነው። ብርሃኑ የሚያቃጥለው የዓይን ውስጠኛ ክፍል ሕመም አይሰማውም፤ ልጁ ጉዳቱን የሚያውቀው ከሰዓታት በኋላ የሚያየው ነገር መካከሉ ሲጠፋበት ነው።

በጥላሸት የጠቈረ መስተዋት፥ የፎቶግራፍ ፊልም፥ ተራ ጥቁር መነጽር አይበቁም። በገበታ ውሃ ውስጥ የፀሐይን መልክ ማየትም እንዲሁ አይበጅም፤ ብዙዎች ያለ ጕዳት ነው ብለው ያስባሉና በተለይ ሊነገራቸው ይገባል። ለፀሐይ መመልከቻ ተብሎ የተሠራና ያልተጫረ መነጽር ካልተገኘ፥ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ ማየት ይቻላል። በካርቶን ላይ በመርፌ ቀዳዳ ተበጅቶ ብርሃኑ አንድ ሜትር ርቆ በተያዘ ነጭ ወረቀት ላይ ሲወድቅ የተቈረጠችው ፀሐይ በወረቀቱ ላይ ትሣላለች። ቀዳዳው ሰፋ ያለ ወንፊትም ብዙ ትንንሽ ፀሐዮችን በአንድ ጊዜ መሬት ላይ ያወርዳል። በዋርካ ጥላ ሥር የቆመ ሰው ደግሞ ምንም ሳይዝ በቅጠሎቹ መካከል የሚወርደው ብርሃን ሁሉ ማጭድ ማጭድ ሲመስል ያያል፤ እንዲያውም ለተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ደስ የሚያሰኝ ትርኢት የለም።

ከ2006ቱ በኋላ የመጣው ድብልቅ ግርዶሽ በሚያዝያ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. በምዕራብ አውስትራልያ፥ በምሥራቅ ቲሞርና በፓፑዋ ታየ፤ ለእኛ አልታየም። ቀጣዩም በኅዳር 4 ቀን 2024 ዓ.ም. በታላቁ ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ስለሚያልፍ ከእኛ ሩቅ ነው። ለአገራችን የሚቀርበው በሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሰኞ የሚውለው ነው፤ እርሱ ድብልቅ ሳይሆን ሙሉ ግርዶሽ ሲሆን በግብፅ፥ በሳዑዲ ዓረብያና በየመን አልፎ በሶማሊያ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ይወጣል፤ በሉክሶር አጠገብ ጨለማው ከስድስት ደቂቃ በላይ ይቈያል። በኢትዮጵያ ከቀትር በኋላ ከፊል ብቻ ሆኖ ይታያልና በማናቸውም ደቂቃ በባዶ ዓይን አይታይም። ወሩ ክረምት ስለ ሆነ በደብረ ታቦርና በጉና ዙሪያ ደመና ይጋርደው ይሆናል፤ ሆኖም ፀሐይ በደመና ቀዳዳ ድንገት ብቅ ማለቷ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሚሆንና ልጆቹም በየእርሻውና ከከብት ጋራ ስለሚውሉ፥ መምህራን የወንፊቱንና የካርቶኑን ነገር በሰኔ ወር፥ ተማሪዎቹ ሳይበተኑ አስቀድመው ያሳዩአቸው፤ ሽማግሎችም በገበያ ቀንና በሰንበቴ ይንገሩ።