ጥለቱን ማን ሰየመው?

ልጅ፦ እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ገበያ ላይ ነጭ የአየርላንድ ሹራብ አየሁ፤ የአራን ደሴቶች ሥራ ነው ተባልኩ። ሻጩ «ደረቱ ላይ ያለው የማር እንጀራ የታታሪነት ምልክት ነው፤ ገመዱ ደግሞ ዓሣ አጥማጁን ከባሕር አደጋ ይጠብቃል» አለኝ። እውነት ነው?

እትዬ፦ የማር እንጀራ መባሉ እውነት ነው፤ ገመድ መባሉም እውነት ነው። የቀረውን እሱም ከሌላ ሻጭ ነው የሰማው።

ልጅ፦ በምን አወቁ?

እትዬ፦ የወሬው ምንጭ ስለሚታወቅ ነዋ። ሃይንዝ ኪዊ የሚባል፣ እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ከተማ ክር የሚነግድ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 ደብሊን ውስጥ አንድ የአራን ሹራብ አየና ተማረከ። ከዚያ ወዲያ ጥለቶቹን ከጥንት የሃይማኖት ምልክቶች ጋር ሲያያይዝ ኖሮ፣ በ1967 «የሹራብ ሥራ ቅዱስ ታሪክ» ብሎ መጽሐፍ አወጣ። የሚገርመው፣ ይህን ቅዱስ ታሪክ መሠረት የለውም ያሉት ጳጳስ ናቸው! ሪቻርድ ረት ይባላሉ፤ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ሆነው ሹራብ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። በ1987 ባሳተሙት የእጅ ሹራብ ታሪክ ነው የኪዊን ነገር ውድቅ ያደረጉት።

ልጅ፦ ባሕር የበላው ሰው ሬሳ ሲገኝ በሹራቡ ጥለት የማን ቤተሰብ እንደሆነ ይለያል የሚሉትስ?

እትዬ፦ እሱ እንኳ መነሻ አለው። ጆን ሚሊንግተን ሲንጅ አራን ደሴቶች ሄዶ ከሕዝቡ ጋር የኖረ ደራሲ ነው። በ1904 ለመድረክ በበቃ አንድ ተውኔቱ ውስጥ የሰመጠ ወጣት በልብሱ ሲታወቅ ታያለሽ። ልብ በይ፣ ሹራብ አይደለም፤ ካልሲ ነው። ጥለትም የለበትም። የሠራችው እህቱ ናት፤ ስንት ቀለበት ብላ እንደጀመረች፣ ስንቱ እንዳመለጣት ታስታውሳለች። ቆጠረችና ወንድሟ መሆኑን አወቀች። እህት የገዛ እጇን ሥራ ለየች እንጂ የዘር ምልክት አላነበበችም። ተረቱ ሲዛመት ካልሲው ሹራብ ሆነ፤ የእህት እጅም የጎሳ ጥለት ሆነ።

ልጅ፦ እንግዲያ ስሞቹ ራሳቸው ከየት መጡ?

እትዬ፦ ከሁለት ቦታ፤ ከዓይንና ከእጅ። አንዱን ጥለት ላሳይሽ። መርፌሽን ያዢ። አንዱ ቀለበት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሥሪበት፤ ሦስት ቀለበት ይወጣዋል። ቀጥሎ ያሉትን ሦስት ደግሞ ባንዴ ሰብስበሽ አንድ አድርጊያቸው። እንዲህ እያፈራረቅሽ እስከ ዳር ሂጂ። በመልሱ ረድፍ በጀርባው ትሠሪያለሽ፤ ከዚያ ሦስት የነበረውን አንድ፣ አንድ የነበረውን ሦስት ታደርጊያለሽ። ምን መሰለሽ?

ልጅ፦ ፍሬ ፍሬ! እንጆሪ ይመስላል።

እትዬ፦ በሥራው ውጤት የፈረደ ሰው እንጆሪ አለው። ሲሠራ እጁን ያስተዋለው ደግሞ ከአንድ ሦስት፣ ከሦስት አንድ እያለ ስለሚሄድ «ሥላሴ» አለው። ጥለቱ አንድ ነው፤ ሁለቱም ስሞች ዛሬም ይሠራሉ። ሁለቱም ሹራብ ከሚሠራ ሰው የወጡ ናቸው።

ልጅ፦ ስሙ ለሠሪዋ ምን ይጠቅማታል?

እትዬ፦ ለማስታወስ ነዋ! የሼትላንድን ተመልከቺ፤ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ያሉ ደሴቶች ናቸው። ሞገድ ሲመለስ አሸዋው ላይ የሚተወውን መስመር የሚመስል የነጠላ ሻል ጥለት አላቸው፤ ኦልድ ሼል ይሉታል። አሠራሩ በ18 ቀለበት ነው። ከፊት ያሉትን ስድስት ሁለት ሁለቱን እያጣመርሽ ሦስት ታደርጊያቸዋለሽ፤ ከኋላ ያሉትን ስድስትም እንደዚያው። መካከል ባሉት ስድስት ላይ ክሩን እየጠመጠምሽ ስድስት ቀዳዳ ትጨምሪያለሽ። ስድስት ጎደለ፣ ስድስት ገባ፤ ያው 18 ነው። የተቀነሰበት ይሰበሰባል፣ የተጨመረበት ይዘረጋል፤ መስመሩም እንደ ሞገድ ይታጠፋል። ሞገዱን ያወቀች ሴት ረድፉ ሲበላሽባት ቶሎ ታውቃለች።

ልጅ፦ በሰው ስም የተጠራስ አለ?

እትዬ፦ አለ እንጂ። የካልሲ ጫፍ ላይ ሁለቱን ወገን ያለ ስፌት ጠባሳ የሚገጥመው አሠራር ኪችነር ይባላል። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ወደቁ አይደል? ኪችነር ከዚያ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ኦምዱርማን ላይ ደርቡሾችን የመታው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጦር ሚኒስትር ሆኖ ሳለ ሴቶች ለወታደሩ ካልሲ ይሠሩ ነበር፤ የጣት ላይ ስፌት ደግሞ እግር ይልጣል። ስሙ በዚያ ዘመን ተለጠፈበት። ዘዴው ግን ከእሱ በፊትም ይታወቅ ነበር። እዚህ ላይ ስሙ ከሠሪዎቹ የወጣ ሳይሆን የዘመኑ ጌታ ስም ነው።

ልጅ፦ እኔ እኮ ሹራብ ሠርቼ መሸጥ ልጀምር ነው። ደንበኛ «ይህ ምን ማለት ነው?» ሲለኝ ተረቱን ልተወው?

እትዬ፦ ለምን ትተይዋለሽ? ተርኪው፤ ዕድሜውን ግን አትደብቂ። «ይህ ጥለት የማር እንጀራ ይባላል፤ ገመዶቹ እየተላለፉ ሲገናኙ እንዲህ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሠራሉ። የታታሪነት ምልክት ነው የሚሉት ሹራብ ሻጮች ናቸው» በይው። ከዚያ አሠራሩን አሳይው። የስንት ሰዓት ልፋት እንደሆነ በዓይኑ ሲያይ፣ ስለ ታታሪነት ሌላ ተረት አይፈልግም፤ ዋጋውንም ብዙ አይከራከርሽም።