የአየር ወለድ ወታደር ጃኬት፦ ትክክለኛ ቅጂ እንዴት ይመረጣል?

አንድ ልብስ የታሪክ ሰነድ ሊሆን ይችላል። ከሰማንያ ዓመት በፊት የተሰፋ የወታደር ጃኬት በጥንቃቄ ለሚመረምረው ሰው ብዙ ይነግረዋል፤ በዘመኑ ጥጥ እንዴት ይፈተልና ይሸመን እንደ ነበር፣ የትኛው ብረት እጥረት እንደ ገጠመው፣ ለባሹም በምን ዓይነት አደጋ ውስጥ ይሠራ እንደ ነበር። ይሁን እንጂ ይህን ሰነድ እንደ ልብ ለብሶ መንቀሳቀስ አይቻልም። የጥጥ ክር የተገነባበት ሴሉሎስ የተባለው ረጅም ሞለኪውል ከብርሃን፣ ከእርጥበትና ከአሲድ የተነሣ ቀስ በቀስ ይበጣጠሳል፤ ያረጀ ጨርቅም ትከሻ ላይ ገና ሲወጠር ሊቀደድ ይችላል። በመሆኑም ለቴያትር፣ ለፊልም፣ ለመታሰቢያ በዓልና ለሙዚየም ትምህርታዊ ትርኢት የሚፈለገው ዋናው ልብስ ሳይሆን ቅጂው ነው።

በገበያ ላይ ያሉት ቅጂዎች ግን እኩል አይደሉም። «ትክክለኛ ቅጂ» የሚለውን ስም የማይሸከም የለም፤ ቃሉን በመለኪያ የሚያስደግፍ ሻጭ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ አየር ወለድ ወታደሮች የለበሱትን ኤም 1942 የተባለውን ጃኬት ምሳሌ አድርገን፣ የአንድ ቅጂ ትክክለኛነት በምን እንደሚመዘን እንመለከታለን። ዘዴው ለሌላም ጥንታዊ ዕቃ የሚያገለግል ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. የጃኬቱ ቅርጽ ከምን የመነጨ ነው?

የአሜሪካ ጦር የመጀመሪያውን የፓራሹት የሙከራ ቡድን ያቋቋመው በ1940 በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በፎርት ቤኒንግ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዊሊያም ያርቦሮ የተባለው መኮንን ለእነዚህ ወታደሮች የሚስማማ ልብስ እንዲነደፍ ዋነኛውን ድርሻ አበረከተ። የፓራሹተኞቹን የክንፍ ዓርማ የነደፈውም እርሱ ነው።

ጃኬቱን ለመረዳት ለባሹን በዐይነ ኅሊና መመልከት ይገባል። ወታደሩ ዋናውን ፓራሹት በጀርባው፣ ተጠባባቂውን በፊቱ ይይዛል፤ ትከሻውና ደረቱ በጠፍር የተጠፈረ ነው። መሬት ሲነካ ከስንቅ ማመላለሻ መኪና ርቆ ብቻውን ሊቆይ ስለሚችል ጥይቱንና ምግቡን በላዩ መሸከም አለበት። የጃኬቱ አራት ሰፋፊ ኪሶች በእጥፋት የተሠሩ፣ ሲሞሉም ወደ ውጭ የሚሰፉት ስለዚህ ነው። የደረት ኪሶቹ ሰያፍ ሆነው የተሰፉት በጠፍር መካከል እጅን ለማስገባት እንዲመቹ ነው። እያንዳንዱ የኪስ ክዳን ተጭነው በሚዘጉ ሁለት የብረት ቁልፎች ይያዛል፤ አለዚያ በአየር ላይ የሚገጥመው ነፋስ ክዳኑን ከፍቶ ዕቃውን ይበትነዋል። ከኮሌታው ሥር በፊት ለፊት በኩል ደግሞ በግራም በቀኝም በዚፕ የምትከፈት ጠባብ ኪስ አለች። በውስጧ የምትቀመጠው ሴንጢ ወታደሩ ዛፍ ላይ ቢንጠለጠል የፓራሹቱን ገመድ በየትኛውም እጁ ቆርጦ እንዲወርድ የምታስችለው ናት።

ከዚህ የምናገኘው የመጀመሪያው መመሪያ ይህ ነው፦ የእያንዳንዱ ክፍል ምክንያት የታወቀለት ሰው ቅጂውን በቀላሉ ይፈትናል። የአንገቷ ኪስ በአንድ ወገን ብቻ የምትከፈት ከሆነ ወይም የደረት ኪሶቹ ቀጥ ብለው ከተሰፉ፣ ሰፊው መልኩን ቀድቶ ሥራውን ስቷል ማለት ነው።

2. በቅድሚያ ጊዜንና ቦታን መወሰን

«የጦርነቱ ዘመን ጃኬት» የሚባል አንድ ወጥ ነገር የለም። በሐምሌ 1943 በሲሲሊ የዘለሉት የ82ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር ወታደሮች የለበሱት ጃኬት በአብዛኛው ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነበር። የጥጥ ጨርቁ ግን በክርንና በጉልበት ላይ ቶሎ እንደሚሳሳ በተግባር ታየ። ስለዚህ ለኖርማንዲ ዘመቻ በእንግሊዝ አገር ዝግጅት ሲደረግ፣ ፓራሹት የሚያዘጋጁት የክፍሉ ባለሙያዎች በጃኬቱ ክርንና በሱሪው ጉልበት ላይ የሸራ ጨርቅ ደረቡ። ሰኔ 6 ቀን 1944 በኖርማንዲ የታየው ይህ የተጠናከረው ልብስ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ወር በኔዘርላንድ በተደረገው ዘመቻ ደግሞ አብዛኞቹ ወታደሮች ኤም 1943 የተባለውን ጠቆር ያለ አረንጓዴ ጃኬት ለብሰው ነበር።

እንግዲህ ክርኑ በሸራ የተደረበ ጃኬት ለሲሲሊ ትርኢት አይሆንም። እንደዚሁም የ101ኛው ክፍለ ጦር ዓርማ ያለበት ጃኬት ሲሲሊን ሊወክል አይችልም፤ ክፍለ ጦሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በጦር ሜዳ የዘለለው በኖርማንዲ ነውና። እያንዳንዱ ክፍል በራሱ ትክክል ሆኖ ድምሩ ስሕተት ሊሆን እንደሚችል እዚህ ላይ ልብ ይሏል።

3. ጨርቁን መለካት

ዐይን በቀላሉ የሚታለለው በጨርቅ ነው። ኤም 1942 የተሠራበት የጥጥ ጨርቅ ላዩ ላይ ሰያፍ መስመር የሚታይበት ሽመና አለው። መስመሩ የሚፈጠረው ማጉ ድሩን አንድ በአንድ በማቋረጥ ፈንታ፣ ከአንድ በላይ ድር እየዘለለ በየረድፉ አንድ እርምጃ ስለሚሸሽ ነው። እንዲህ ያለው ሽመና ክሮቹን አቀራርቦ ለማጠጋጋት ያስችላል፤ ጨርቁም ጠንካራ ሆኖ ሳለ በቀላሉ ይታጠፋል።

ሦስት ነገሮችን በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ እንኳ መለካት ይቻላል።

ሀ/ የክር ብዛት። በአጉሊ መነጽር በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያሉትን ድሮችና ማጎች ለየብቻ መቁጠር ነው። ይህ ልኬት ጨርቁን ስለማይጎዳ ለዋናውም ለቅጂውም ያገለግላል።

ለ/ ክብደት። ከቅጂው አምራች ናሙና ጨርቅ ጠይቆ 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር መቁረጥና መመዘን፣ ውጤቱንም በ100 ማባዛት ነው። ለምሳሌ ቁራጩ 2.6 ግራም ቢመዝን የጨርቁ ክብደት በካሬ ሜትር 260 ግራም ይሆናል። የዋናው ልኬት 260፣ የቅጂው 299 ቢሆን ልዩነቱ 39 በመሆኑ ቅጂው በ15 በመቶ ይከብዳል። «ትንሽ ወፍራም ይመስላል» ከማለት ይልቅ እንዲህ ባለ ቁጥር መናገር የሳይንስ ልማድ ነው።

ሐ/ መኮማተር። ጥጥ በሽመና ጊዜ ተወጥሮ ይቆያል፤ ውኃ ሲነካው ግን ክሩ ያብጥና ውጥረቱ ስለሚላላ ጨርቁ ያጥራል። በናሙናው ላይ 50 ሴንቲ ሜትር መስመር አስምሮ ማጠብ፣ ማድረቅና እንደገና መለካት ይገባል። መስመሩ 47.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን መኮማተሩ 5 በመቶ ነው። በዚህ ስሌት የደረቱ ዙሪያ 110 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጃኬት አንድ ጊዜ ታጥቦ ወደ 104.5 ይወርዳል። ስለዚህ ልክ ከመምረጥ በፊት ጨርቁ ቀድሞ የተኮማተረ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ግድ ነው።

የክሩንም ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። ፖሊስተር በብሪታንያ የተፈለሰፈው በ1941 ሲሆን፣ ለልብስ በሰፊው የዋለው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ስለሆነም የፖሊስተር ስፌት ክር ያለበት ቅጂ የ1942ን ልብስ በቁሳቁስ ረገድ አይወክልም። መምህር ባለበት፣ ውኃ በአጠገብ ተዘጋጅቶ፣ ከቅጂው ትርፍ ክር ጥቂት በወረንጦ ይዞ እሳት ቢያስነኩት ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ልል አመድ ይተዋል፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሆናል። ይህ ሙከራ በዋናው ልብስ ላይ ፈጽሞ አይደረግም።

4. የቀለም ወጥመድ

የኤም 1942 ቀለም በጦሩ መለያ ወይራማ ቁጥር 3 የሚባለው ፈዘዝ ያለ ቢጫማ አረንጓዴ ነው፤ ኤም 1943 ደግሞ በቁጥር 7 የሚታወቀው ጠቆር ያለው ነው። ቅጂ ሠሪው በሙዚየም ያየውን ጃኬት ቀለም እንዳለ ቢቀዳ ግን ሁለት ስሕተት ሊያጋጥመው ይችላል።

አንደኛው መደብዘዝ ነው። ብርሃን፣ በተለይም አልትራቫዮሌት ጨረር፣ የማቅለሚያውን ሞለኪውል ስለሚሰብር ዛሬ የምናየው ቀለም ወታደሩ የለበሰው አይደለም። ለዋናው ቀለም ይበልጥ የሚቀርበው ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ፣ ማለትም የኪስ ክዳን ሥርና የስፌቱ ውስጥ ነው። ሁለተኛው የብርሃን ምንጭ ልዩነት ነው። በሁለት የተለያዩ ማቅለሚያዎች የተነከሩ ጨርቆች በፀሐይ ብርሃን አንድ መስለው በአምፖል ብርሃን ሊለያዩ ይችላሉ፤ ዐይናችን የሚመዝነው የሦስት ዓይነት ተቀባይ ሕዋሳትን ምላሽ እንጂ የብርሃኑን ሙሉ ስብጥር አይደለምና። ስለዚህ ማነጻጸሩ በቀን ብርሃንና በመብራት ሁለቴ መከናወን አለበት።

5. ብረታ ብረቱ

የጃኬቱ ፊት የሚዘጋው በብረት ዚፕ ነው። ብራስ የሚባለው የመዳብና የዚንክ ቅይጥ በጦርነቱ ዘመን ለጥይት ቀለህ እጅግ ይፈለግ ስለ ነበር በልብስ ላይ ያለው አጠቃቀሙ ተገድቦ ነበር፤ ከዚህም የተነሣ በዘመኑ ልብሶች ላይ የዚፕና የቁልፍ ብረት ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው ይለያያል። ተራ ማግኔት እዚህ ላይ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ብረትን ይስባል፣ ብራስንና ዚንክን አይስብም።

በዚፑ መጎተቻ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብም ይጠቅማል። ታሎን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስም ከዘመኑ ጋር ይስማማል። ዋይ ኬ ኬ የሚለው ምልክት ግን በ1934 በጃፓን ተመሥርቶ ከጦርነቱ በኋላ በዓለም የተስፋፋ ኩባንያ ነው፤ አሜሪካ ከጃፓን ጋር ስትዋጋ በተሰፋ የአሜሪካ ወታደር ጃኬት ላይ ሊገኝ አይችልም። የናይለን ጥርስ ያለው ዚፕም የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው።

ከዚሁ ጋር፣ መቀዳት የሌለበት ነገር እንዳለም መገንዘብ ይገባል። ለኖርማንዲ የተዘጋጁት ልብሶች የመርዝ ጋዝን ለመከላከል በኬሚካል ተነክረው ስለ ነበር ደረቅና መጥፎ ሽታ ያላቸው ነበሩ። ይህን ለመድገም የሚነሣ አምራች ቢኖር ለባሹን ይጎዳል እንጂ ለዕውቀት የሚጨምረው የለም።

6. ቅጂ ሲበዛ ፍጹም

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ጨርቁ፣ ቀለሙ፣ ብረቱና ስፌቱ ሁሉ ከዋናው ጋር የተስማማ ቅጂ በሐቀኝነት ዋጋው ተሽጦ፣ ነገ ግን ሦስተኛ ሰው «ዋና ነው» ብሎ በብዙ እጥፍ ቢሸጠውስ? ከገንዘቡ የሚብሰው ጉዳት በታሪክ ላይ የሚደርሰው ነው፤ ሐሰተኛው ዕቃ በሙዚየም ገብቶ የነገዎቹ ተመራማሪዎች የሚለኩት እርሱን ይሆናልና።

ሳይንስ መለያ አለው፤ ይሁን እንጂ ወሰን አለው። አልትራቫዮሌት መብራት ከጦርነቱ በኋላ በማጠቢያ ዱቄት ውስጥ የተለመዱትን አንጸባራቂ ኬሚካሎች ሰማያዊ አድርጎ ያሳያል። ነገር ግን ዋናው ጃኬት በቅርብ ጊዜ በእንዲህ ዓይነት ዱቄት ታጥቦ ከሆነ እርሱም ያበራል፤ የማያበራ ቅጂም መሥራት ይቻላል።

የበለጠ ኃይል የነበረው ካርቦን 14 ነው። ጥጥ ባደገበት ወቅት ከአየር የወሰደው ካርቦን በክሩ ውስጥ ይቀራል። የካርቦን 14 ግማሽ ዕድሜ 5,730 ዓመት ገደማ ስለሆነ በሰማንያ ዓመት ውስጥ የሚጠፋው 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በዚህ ብቻ ዕድሜን በትክክል መለየት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተደረጉት የኑክሌር ፍንዳታዎች በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የአየሩን ካርቦን 14 ወደ እጥፍ አስጠጉት። በአየር ላይ የሚደረግ ሙከራ በ1963 ስምምነት ከታገደ በኋላ መጠኑ እየቀነሰ መጣ። በመሆኑም በ1970 የበቀለ ጥጥ ከ1942ቱ በማያጠራጥር ሁኔታ ይለያል።

ነገር ግን ይህ በር እየተዘጋ ነው። ካርቦኑ ወደ ውቅያኖስና ወደ ዕፀዋት በመግባቱ፣ እንዲሁም ካርቦን 14 የሌለው የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ጭስ አየሩን በማቅጠኑ፣ መጠኑ በ2020ዎቹ መጀመሪያ ከፍንዳታዎቹ በፊት ወደ ነበረበት ደረጃ ተመልሷል። ስለዚህ በቅርቡ የተለቀመ ጥጥ ከጦርነቱ ዘመን ጥጥ ጋር በካርቦን ልኬት ተቀራራቢ ሆኗል። መሣሪያው ሊናገር የማይችለውን አምራቹ ራሱ በልብሱ ላይ ሊጽፈው ይገባል።

7. የምርጫው ቅደም ተከተል

ከላይ ያየነውን ስናጠቃልል፣ ቅጂ የሚመርጥ ሰው የሚከተለውን ቅደም ተከተል ቢይዝ ይበጀዋል።

1ኛ/ የሚወክለውን ጊዜ፣ ቦታና ክፍለ ጦር መወሰን።
2ኛ/ ኪሶችን፣ ዚፖችንና መደረቢያውን ከዚያ ጊዜ ፎቶግራፎች ጋር ማመሳከር።
3ኛ/ ሻጩን የጨርቁን ክብደት፣ የክሩን ዓይነት፣ የመኮማተሩን መጠንና ቅጂው ከየትኛው ዋና ልብስ እንደ ተወሰደ መጠየቅ፤ ናሙናም ማግኘት።
4ኛ/ ቀለሙን በሁለት ዓይነት ብርሃን ማየት።
5ኛ/ የአምራቹ ስምና የተሠራበት ዓመት በማይለቅ ቀለም የታተመበትን መምረጥ።

አምስተኛው ነጥብ በብዙ ገዢዎች ዘንድ እንደ ጉድለት ይታያል፤ «መልኩን ያበላሻል» ይላሉ። እኛ ግን የመልካም ቅጂ የመጨረሻ መመዘኛ ነው እንላለን። በውስጥ በኩል የታተመ አንድ መስመር ጽሑፍ በመድረክ ላይ ለሚያየው ተመልካች አይታይም፤ ነገ ለሚመረምረው ሰው ግን እውነቱን ያስቀምጣል።

ለማሰላሰያ

1. የአንድ ቅጂ ናሙና 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 0.7 ግራም ቢመዝን ክብደቱ በካሬ ሜትር ስንት ግራም ነው?
2. አንድ ጃኬት በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር አለማብራቱ ዋና መሆኑን ያረጋግጣልን? ለምን?
3. ከነዳጅ የተሠራ የፖሊስተር ክር በካርቦን 14 ቢለካ ምን ዓይነት ውጤት ይጠበቃል?